የባቲንግ ቁርጥራጭ ከረጢቱ ሲራገፍ

ቅዳሜ ጠዋት

ኩዊልት፣ ማለትም ፊት፣ ንጣፍና ገበር ተደራርበው የሚሰፉበት ብርድ ልብስ፣ የሚሰፋ ሰው ቤት አንድ የማይቀር ከረጢት አለ፤ የተረፈ ባቲንግ የሚታጨቅበት። ባቲንግ በብርድ ልብሱ ፊትና በገበሩ መሃል የሚገባው፣ ሙቀት የሚይዘው ንጣፍ ነው። ባዘቶ ተጠፍጥፎ እንደ ጣቃ ቢጠቀለል በሉት። ስንቆርጠው ከፊቱ ጨርቅ በየጎኑ ግማሽ ስንዝር ያህል እናሰፋዋለን፤ ሲሰፋ ስለሚሸሽ። ትርፉ መጨረሻ ላይ ይከረከማል። ለመጣል ያሳዝናል፣ ለመስፋት ያንሳል። በቃ፣ ከረጢት ውስጥ ይገባል።

የእኔ ከረጢት ተራብቶ ሦስት ሆኗል። ነገሩ የባሰው ጆአን ሲዘጋ ነው። በመላው አሜሪካ ወደ 800 የሚጠጉ ሱቆች የነበሩት ይህ የጨርቅ መደብር እ.ኤ.አ. በ2025 ከስሮ ሲዘጋ፣ በማጣሪያ ሽያጩ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ባቲንግ በጥቅል ተሸክሜ ወጣሁ። እጁ ላይ ብዙ ያለው ሰው ደግሞ በልኩ አይቆርጥም፤ ዘርፈፍ እያደረገ ነው። አሁን ጥቅሉ አልቋል። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሰፈሬ ቅርብ የነበረው ሱቅም የለም። ከረጢቶቹ ግን ቁም ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ፊቴ ላይ ይወርዳሉ።

ስለዚህ ዛሬ ሳሎን ውስጥ ዘረገፍኳቸው። አብዛኛው ሰው ሲለይ በመጠን ይጀምራል፤ ሰፊው እዚህ፣ ጠባቡ እዚያ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ከምን ተሠራ ብዬ ነው። መጠን በመርፌና በክር ይስተካከላል። ፖሊስተርን ግን ምንም ብታደርጉት ጥጥ አይሆንም።

ለምን ይህን ያህል አከረርኩ? እዚህ አገር ብዙዎቻችን እንጀራ የምንጋግርበት የቤታኒ ምጣድ፣ የኖርዌይ ሰዎች ሌፍሰ ለሚሉት ቂጣ ተብሎ የተሠራ ነው። መቆጣጠሪያው እስከ 500 ፋራናይት ይወጣል። ይህ ወደ 260 ሴንቲግሬድ ነው። ፖሊስተር የሚቀልጠው ደግሞ ከ250 እስከ 260 ሴንቲግሬድ ባለው መሃል ነው። ከምን እንደተሠራ ያልታወቀ ቁራጭ የድስት መያዣ ውስጥ ከትቶ የጋለ ምጣድ መንካት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት

ጎረቤቴ በቅርቡ ወልዳለች። እናቷ ሊያርሷት ከጎንደር መጥተዋል፤ እማማ ነው የምላቸው። ሕፃኑ ሲተኛ ብቅ ይላሉ። ዛሬ መጥተው ወለሉን አዩና፣ «ምነው ልጄ፣ ፍራሽ ፈነዳብሽ እንዴ?» አሉኝ።

ከተቀመጡ በኋላ እጃቸው አላረፈም። አንዱን ቁራጭ አንስተው ከጠርዙ ቆንጠር አደረጉ፣ በሁለት ጣት ሳብ አድርገው ፈተሉት። ጭረቱ ተጠማዞ እንደተጠማዘዘ ቀረ። «ይቺ ጥጥ ናት» አሉ። ሌላውን ሲያጠማዝዙት ሲለቁት ተፈታ፣ ነጠር ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። «ይቺ ደግሞ የፌስታል ዘመድ ናት።» ሦስተኛው ላይ ቆም አሉ። ግማሹ ይጠማዘዛል፣ ግማሹ ይሸሻል። «ዲቃላ» አሉና ወረወሩት።

እኔ ግን በእሳት ካላየሁ አላምንም። ማጠቢያው ውስጥ የብረት ሳህን አስቀምጬ፣ ጥፍር የምታህል ቅንጣት በወረንጦ ይዤ ለኮስኩ። ጥጥ ቶሎ ይያያዛል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ሲጠፋ የሚበተን ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ገና ነበልባሉ ሲቀርበው ይሸሻል፤ ከዚያ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲበርድ እንደ ጨሌ የደረቀ እንክብል ይሆናል። ሁለቱ የተቀላቀሉበት፣ 80 በመቶ ጥጥ 20 በመቶ ፖሊስተር የሚሉት፣ ተቃጥሎ አመዱ ውስጥ ሻካራ ፍርፋሪ ይተዋል። የቀለጠ ፖሊስተር ቆዳ ላይ ቢንጠባጠብ ተጣብቆ ነው የሚያቃጥለው፤ በእጃችሁ ይዛችሁ እንዳትሞክሩት። መስኮትም ክፈቱ።

እማማ አንዱንም አልሳቱም። በልጅነታቸው ጥጥ ሲዳምጡ፣ ሲነድፉና ሲፈትሉ ያደጉ ሴት ናቸው፤ ክብሪት አላስፈለጋቸውም።

ከስር አንድ የሱፍ ቁራጭም ወጣ። የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲወሰድ ራሱ ይጠፋል። ከየት እንደመጣ አላስታውስም። ለብቻው አስቀመጥኩት።

ክምሮቹ አራት ሆኑ፤ ጥጥ፣ ፖሊስተር፣ ዲቃላ፣ እና አንድ ብቸኛ ሱፍ። መጠን የመጣው አሁን ነው። ከጥጡ ክምር ስንዝርና ከዚያ በላይ ስፋት ያላቸውን አወጣሁ። እነሱ ይቀጠላሉ። ሁለት ሦስት ጣት የሚሆኑት ረጃጅም ቁርጥራጮች ሌላ ሥራ አላቸው።

እሁድ

ዛሬ መቀጠል ነው። ለጎረቤቴ ሕፃን 90 በ110 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ምንጣፍ ልሠራ አስቤያለሁ። ብርድ ልብስ ያላልኩት በምክንያት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕፃን በሚተኛበት አልጋ ውስጥ ብርድ ልብስም ሆነ ሌላ ለስላሳ ነገር አይግባ ይላል፤ እስከ አንድ ዓመት። እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ እኔ ግን ስጦታዬ የሚያከራክር እንዲሆን አልፈልግም። ወለል ላይ ተነጥፎ ልጁ በሆዱ ተኝቶ የሚጫወትበት ይሁን።

የመቀጠል ነገር ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከባድ አይደለም። ትልቁ ነገር አለመደራረብ ነው። ሁለት ቁራጭ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ የሰፋ ሰው፣ ብርድ ልብሱ ካለቀ በኋላ እጁን ቢያሳልፍበት ጉብታውን ያገኘዋል። ሲታጠብ ደግሞ ይብሳል። ጠርዝ ለጠርዝ ነው የሚጋጠመው፤ ሳይደረብ፣ ሳይራራቅ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሁለቱን ቁራጮች ሁለት ጣት ያህል አደራርቤ መቁረጫ ሰሌዳው ላይ አነጥፋለሁ። ከዚያ በተደራረበው መሃል ላይ፣ በክብ ምላጭ መቁረጫ፣ ሁለቱንም በአንዴ እየሰነጠቅኩ እወርዳለሁ። ቀጥ አላደርገውም፤ ለስለስ ያለ ሞገድ ነው። ከላይ አንድ ቀጭን ትርፍ ይነሳል፣ ከታች ሌላ። የቀሩት ጠርዞች አንድ ዓይነት ሞገድ ስላላቸው ገጥመው ቁጭ ይላሉ። ቀጥ ያለ መጋጠሚያ ችግሩ ሁልጊዜ እዚያው ላይ መታጠፍ መውደዱ ነው። ሞገዱ ይህን ይበትነዋል።

ከዚያ ዚግዛግ። የስፌት መኪናዬን ዚግዛግ እስከቻለው አሰፋሁት፣ እርምጃውን አረዘምኩት፣ የእግሩን ጫና ቀነስኩ። መርፌዋ አንዴ ግራውን፣ አንዴ ቀኙን ትወጋለች፤ መጋጠሚያው መሃል ላይ መሆን አለበት። ባቲንጉን መጎተት የለም። መኪናው በራሱ ፍጥነት ይውሰደው። የጎተቱት ጠርዝ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ይርገበገባል፤ ከዚያ በኋላ በካውያም አይመለስም። መኪና የሌለው ሰው በእጁ ሰፋ ሰፋ አድርጎ ቢወሰውሰው ይበቃል። ይህ ስፌት ሸክም የለበትም። ሥራው ኩዊልቱ እስኪያልቅ ቁራጮቹን አንድ ላይ መያዝ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። አንደኛ፣ አንድ ዓይነት ከአንድ ዓይነት ጋር ይቀጠል፤ ውፍረቱም፣ ታጥቦ ወይም ሳይታጠብ መቆየቱም። ጥጥ ባቲንግ ሲታጠብ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይሰበሰባል። አንዱ ቁራጭ ድሮ የታጠበ፣ ሌላው አዲስ ከሆነ፣ አንዱ ይሰበሰባል ሌላው ይቀራል፤ ምንጣፉም ይኮማተራል። ሁለተኛ፣ በመርፌ እየተወጋ የተጠፈጠፈ ባቲንግ ፊትና ጀርባ አለው። መርፌው የገባበት በኩል ጥቃቅን ስርጉድ አለ፤ የወጣበት በኩል ጥቃቅን ጉጥ አለ። ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ እዩት። ስርጉዱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይዙር።

ማክሰኞ ማታ

ምንጣፉ ተሰፋ። የብዙ ሰው ጥያቄ «የተቀጣጠለው መሃል ላይ አይበታተንም ወይ?» ነው። መልሱ ያለው በኩዊልቱ መስመር፣ ማለትም ፊቱን፣ ባቲንጉንና ገበሩን አንድ ላይ በሚይዘው ስፌት፣ ርቀት ላይ ነው። የእኔ ቁርጥራጭ አብዛኛው ዋርም ኤንድ ናቹራል የሚባለው ነው፤ አምራቹ እስከ 10 ኢንች፣ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ተራርቆ መሰፋት ይችላል ይላል። እኔ መስመሮቹን በ8 ሳንቲ ሜትር ርቀት አወረድኳቸው። ትንሹ ቁራጭ እንኳ ቢያንስ በሁለት መስመር ተይዟል። ወዴት ይሄዳል?

ሐሙስ

ዛሬ ረጃጅሞቹ ቁርጥራጮች ተራቸው ደረሰ። ኩዊልት ሰፊዎች እነዚህን አብዛኛውን ጊዜ ትራስ ውስጥ ይጠቀጥቋቸዋል። እኔ ግን ማቶት አማረኝ። የነበረኝ የሣር ማቶት ረግፎ ጀበናውን የተጣጠፈ ፎጣ ላይ ሳስቀምጥ ከርሜአለሁ፤ እማማ ደግሞ ያን ፎጣ በክፉ ዓይን ሲያዩት ቆይተዋል።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ረጃጅሞቹን የጥጥ ቁርጥራጮች ጫፋቸውን እያነባበሩ መቀጠል፣ በቁመታቸው ጠቅልሎ ገመድ ማድረግ፣ በጨርቅ መጠምጠም፣ ክብ አድርጎ መስፋት። ጠቅልዬ አሳየኋቸው። በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉትና ጣታቸው ሰጠመ።

«ይሄ ጀበና ነው የሚሸከመው ወይስ ልጅ ሊተኛበት ነው? አጥብቂው!»

ተቀበሉኝ። ጭናቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው እየገፉ ጠቀለሉት፤ በየስንዝሩ ቆም ብለው ጥጡን ወደ ውስጥ እየጎሰጎሱ። ባቲንግ በውስጡ ብዙ አየር ስላለው ላላ ተደርጎ ከተጠቀለለ ውሃና ቡና የሞላ ጀበና ሲቀመጥበት ይደፈጠጣል፤ የጀበናው ቂጥም ጠረጴዛውን ይነካል። ያኔ ማቶት መሆኑ ቀረ። እሳቸው የጠቀለሉት ከእኔው ቁርጥራጭ ሆኖ በውፍረት ግማሽ ያህል ሆነ፤ ሲጫኑትም እንቢ አለ።

ስለ መጠኑም ተነጋገርን። እኔ ለጠረጴዛዬ የሚያምር ሰፊ ነገር ነበር ያሰብኩት። «ማቶት በጀበናው ልክ ነው እንጂ በጠረጴዛው ልክ አይሠራም» አሉኝ። ጀበናውን አምጥተው ቂጡን ገመዱ ላይ እያሽከረከሩ ለኩ። ክፍተቱ 8 ሳንቲ ሜትር ላይ ረጋ። ከዚያ ከሰፋ ጀበናው ወደ ውስጥ ሰምጦ ጠረጴዛውን ይነካል፤ ከጠበበ ደግሞ ይንገዳገዳል። አንድ ዙር ስለማይበቃ በላዩ ሁለተኛ ዙር ደረብን፤ ታችኛው ሰፋ፣ ላይኛው ጠበብ ብሎ።

መጠምጠሚያው አሮጌ ነጠላ ነው፤ መሃሉ የተቀደደ፣ ጥለቱ ግን ገና ያላረጀ። ጥለቱን ከላይ፣ ጀበናው በሚያርፍበት በኩል ላደርገው ነበር ሐሳቤ። ግን ቅዳሜ የጀመርኩት የማቃጠል አባዜ አልለቀቀኝም፤ ከሚያብለጨልጨው ክር አንድ ዘለላ መዝዤ ለኮስኩ። ቀለጠ፣ እንክብል ሆነ። ነጩን የነጠላውን ክር ለኮስኩ፤ ወረቀት ሸተተ። ስለዚህ ነጩ ከላይና ከውስጥ ሆነ፣ ጥለቱ በውጭ ዙሪያውን ዞረ። ከምድጃ የወረደ ጀበና አይነካውም፣ ለዓይን ግን ይታያል። ጨርቁን በአንድ በኩል በእጅ ስፌት ብቻ ነው የዘጋሁት። ቡና ሲፈስበት ተፈትቶ ይታጠባል።

ቡናውን ያፈሉት እሳቸው ናቸው። ሲቀዱ ጀበናው ወደ ማቶቱ በተመለሰ ቁጥር አንድ ጊዜ ጠብ ይልና ይረጋል። ምንም አላሉም። ይህ ከእማማ ትልቅ ምስጋና ነው።

ቅዳሜ

የድስት መያዣ። ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ስለሆነ በርከት አድርጌ ሠራሁ። 20 በ20 ሳንቲ ሜትር፣ ፊትና ጀርባው ጥጥ ጨርቅ፣ መሃሉ ሁለት ድርብ ጥጥ ባቲንግ፣ ክሩም ጥጥ። በክር የሚሰስቱ ሰዎች አሉ፤ ቤት ውስጥ ያለው አብዛኛው ክር ፖሊስተር ነው። ውስጡን ሁሉ ጥጥ አድርጎ ስፌቱን በፖሊስተር መዝጋት የለፉበትን መና ማስቀረት ነው።

ከቀረኝ ኢንሱል ብራይት የሚባለው ሙቀት መላሽ ንጣፍም ለአንዳንዶቹ አንድ አንድ ቁራጭ ጨመርኩ። እሱ ራሱ ፖሊስተር ነው፤ መሃሉ ብረት የተቀባ ስስ ፕላስቲክ አለው። ስለዚህ ለብቻው አይታመንም። በሁለቱም በኩል ጥጥ ባቲንግ አለበስኩት። እንዲህ ያለውን መያዣ ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡ።

የኩዊልት መስመሩን እዚህ ላይ አታብዙት። ሙቀቱን የሚከለክለው በጥጡ መሃል የታሰረው አየር ነው። ጥቅጥቅ አድርጎ የተሰፋ መያዣ ያምራል፣ ግን አየሩ ተጨፍልቆ ይወጣል፤ እጅም ቶሎ ይሰማዋል። እኔ አራት መስመር ብቻ አወረድኩ። ሌላው ደግሞ እርጥበት ነው። የነከረ መያዣ የጋለ ድስት ሲነካ ውሃው ሙቀቱን ቀጥ አድርጎ ወደ እጅ ያደርሰዋል። ስለዚህ ሁሉም ማንጠልጠያ ተሰፋላቸው፤ ከማጠቢያው ራቅ ብለው ይሰቀላሉ።

ፍርፋሪ ጥጡን ለምጣድ ማሰሻ ስለማድረግም አስቤ ነበር። አያዋጣም። ባቲንግ ብናኝ ይለቃል፤ እንጀራው ላይ ፀጉር መሰል ነገር ማየት ማን ይፈልጋል? በጥጥ ጨርቅ ቋጥሬ ብጠቀምበት ይሆን ነበር፤ ግን እንዲያ ከሆነ ጨርቁ ብቻውን ምን አነሰው?

እሁድ ከሰዓት

ፖሊስተሩ። ብዙ የምለው የለኝም፤ እሳት እስካላየ ድረስ ጥሩ ነገር ነው። ለሚታጠብ ትራስ ከጥጥ ይሻላል እላለሁ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ፍራሽ አዳሽ!» የሚለውን የሰፈር ጥሪ ያውቀዋል። ያ ሰው እንጀራ የሚበላው ጥጥ ስለሚጓጉል ነው። ያልተሰፋ ጥጥ ሰው ሲተኛበት፣ እርጥበት ሲያገኘው ይጠቀጠቃል፤ ራሱ ተመልሶ አይነፋም። ፈትቶ፣ ፀሐይ አስመትቶ፣ በዱላ አራግፎ የሚመልሰው ባለሙያ ይፈልጋል። የፖሊስተር ጭረት ጥምዝምዝ ስለሆነ ሲለቁት ይነሳል። ጥጥ መስመር በመስመር ለሚሰፋ ነገር፣ ፖሊስተር ላላ ብሎ ለሚሞላ ነገር። ዲቃላው ወደ ብርድ ልብስ።

ሳይቆራረጥ የተጠቀጠቀ ባቲንግ እዚህም እዚያም ድንጋይ የያዘ ትራስ ይሠራል። በመቀስ አውራ ጣት እስኪያህል ቆራረጥኩት፣ ከዚያ በጣት ፈለቀቅኩት። አሰልቺ ነው፤ ሬዲዮ ከፍቶ መሥራት ነው። ከዚህ አንድ የወንበር መደገፊያና አንድ ረጅም ቱቦ ወጣ። ቱቦው በረንዳ በሩ ሥር የሚገባውን ብርድ ይዘጋል። ቀላል ስለሆነ በሩ ሲከፈት እንዳይንሸራተት ከስሩ ሩዝ በትንሽ ከረጢት ሰፍቼ ከተትኩበት። ሽፋኑ ሲታጠብ የሩዙ ከረጢት ይወጣል።

ስፋታቸው ከእጅ የማይበልጥ፣ ለምንም የማይበቁትን የወለል መጥረጊያው ዘንግ ላይ ጠመጠምኩ። አቧራ እንደ ጉድ ይይዛሉ።

ረቡዕ

ምንጣፉ ታጥቦ ደረቀ። ከመታጠቡ በፊት 110 ሳንቲ ሜትር የነበረው ቁመት 106 ሆኗል፤ 4 በመቶ የማይሞላ። ፊቱ ትንሽ ጨምደድ ብሏል፤ እኔ እንዲያውም የምወደው ይህን ነው። መጋጠሚያዎቹን ለማግኘት ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ ዳሰስኩ። አንድ ቦታ ብቻ ተሰማኝ፤ ማዕዘኑ አጠገብ፣ ሦስት ቁራጭ በአንድ ነጥብ የተገናኙበት። በሚቀጥለው ሦስት ጠርዝ አንድ ላይ አላመጣም፤ ሁለቱን ቀጥሎ ሦስተኛውን ፈቀቅ ማድረግ ይሻላል።

ሱፉን መርፌ መሰኪያ አድርጌዋለሁ፤ በመርፌ ቁልፍና በስፒል ተሞልቷል።

ከሦስቱ ከረጢት አንድ ግማሽ ቀረ፤ ሁሉም ዲቃላ ነው። ላዩ ላይ በወፍራም ማርከር «80/20፣ ያልታጠበ» ብዬ ጻፍኩበት። ከእንግዲህ ማንኛውም ቁራጭ ስሙ ሳይጻፍ ከረጢት አይገባም፤ ገና ከጥቅሉ ሲቆረጥ ነው የሚጻፈው። እማማ ደግሞ ልጃቸው ቤት ያለውን ትልቁን ጀበና ልኬት በክር ቋጥረው ልከውልኛል። ለእሱ የሚሆን ረጅም የጥጥ ቁርጥራጭ አልተረፈኝም፤ ለሚቀጥለው ብርድ ልብስ ባቲንጉን ስቆርጥ ዘርፈፍ ማድረግ ሊኖርብኝ ነው።